የጃንጥላዋ ሴትዮ

ጸጉር አስተካካዩ የዜግነት ማመልከቻውን ካስገባ ወዲህ የገዛ ጥላውን ሳይቀር ይጠረጥራል። ከሁሉም አብልጦ የጠረጠረው ግን ዝምተኛውን ደንበኛውን ነው። ሰውዬው ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ብቻ። እዚህ አገር ምን ይወዳሉ? ጎረቤት ሲያስቸግርዎ ምን ያደርጋሉ? ሁሉንም አንቱ እያለ፣ በመስታወቱ አፍ አፉን እያየ ነው።

“ከዜግነት ቢሮ የተላከ ሰላይ ነው” አላት ለሚስቱ። “ካልሆነ ጆሮዬ ይቆረጥ።”

“ጆሮ መቁረጡን ለአንተ ትቼዋለሁ” አለች፤ የደንበኞቹን እሮሮ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ የጸጉር አስተካካዩ አፍ ማር ሆነ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው መቀስ አልይዝ እያሉት ክረምቱን አሞገሰ። ግብር መክፈል እንደሚያስደስተው ሲናገር ራሱም አፈረ፤ ግን አላቆመም።

ይህን አገር ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅማ የጃንጥላዋን ሴትዮ ፈጠረ። በመጣ ዕለት ዶፍ ሲወርድበት አንዲት የማያውቃት አሮጊት ጃንጥላዋን ሰጥታው፣ እሷ እየበሰበሰች ሄደች፤ ያኔ “አገሬ ይሄ ነው” አለ። በእርግጥ በመጣ ዕለት ያነጋገረው ሰው ቢኖር “ጫማህን ጥረግ” ያለው ዘበኛ ብቻ ነበር። ዝምተኛው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዳመጠ፤ እንዲደግምለትም ለመነው። ጸጉር አስተካካዩ ሲደግም ዝናቡን ጨመረበት።

ይህንኑ ታሪክ ለዜግነት ቃለ መጠይቁም ሊናገረው መሆኑ ሚስቱን አልጣማትም። ልጃቸው አገር ቤት አያቷ ጋ ቀርታለች፤ እሱ ዜግነት ካላገኘ ሊያመጧት አይችሉም።

“እውነቱን ንገራቸው” አለችው። “ልጄ ናፍቃኛለች በል።”

“እሱንማ ማንም ይለዋል። የጃንጥላዋ ሴትዮ ግን ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ።”

የቃለ መጠይቁ ቀን መጠበቂያው ክፍል ተቀምጦ ሴትዮዋን በልቡ ሲያመላልስ፣ የጠያቂዋ ቢሮ በር ተከፈተና ዝምተኛው ወጣ። ጸጉር አስተካካዩ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። ሰው ማወቅ ከኔ ወዲያ ላሳር ሲል በልቡ ኮራ።

ወዲያው እሱም ከውስጥ ተጠራ። ገና አንድ እግሩን ሲያነሳ ዝምተኛው መንገዱን ዘግቶ ጥምጥም አለበት።

“አለፍኩ፣ ወንድሜ” አለ ጆሮው ስር። “የጃንጥላዋን ሴትዮ ስነግራት ጠያቂዋ አለቀሰች።”