«እኩል ይፈተኑ!»

«ሰማንያ ሁለት ይበልጣል ወይስ ሰባ አራት?!»

አቶ ሀብተማርያም የዳይሬክተሩን ጠረጴዛ በጡጫ መቱት...

ልጃቸው ወንድይፍራው በሩ ጋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ቦታው ኮልፌ... ነጋዴዎች አዋጥተው ያሠሩት ትምህርት ቤት።

አቶ ሀብተማርያም የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

የጤና ኮሌጁ ከዚያ ትምህርት ቤት የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር።

ወንድይፍራው ዓይኑ እስኪቀላ አጥንቶ በመግቢያ ፈተናው 82 አመጣ። ከሁሉም በለጠ። ሰፈሩ ገና ሳይሄድ «ዶክተር» እያለ ይጠራው ጀምሯል።

ቦታው ግን የተሰጠው ለሚስኪ ነው... 74 ላመጣችው።

የሚስኪ እናት እትዬ ዙሀራ በሥጋ ደዌ ታመው ድነዋል። ጣቶቻቸው ግን አልተረፉም። ሚስኪ ራሷ ታማ አታውቅም።

ኮሌጁ ደግሞ በዚያ ዓመት «የሥጋ ደዌ ታማሚ ልጅ ካለፈ ቅድሚያ ይሰጠው» ብሏል።

«አቶ ገሜዳ፣ ትምህርት በበሽታ ሆነ እንዴ የሚሰጠው? እንዲያ ከሆነ ልጄን ምች እንዲመታው ልሳል?»

«ጋሼ፣ ማለፊያው ስልሳ ነው። አልፋለች እኮ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ማለፍማ ልጄም አልፏል! ያውም በልጦ!»

ወንድይፍራው በልቡ «እውነታቸውን ነው» አለ።

ሚስኪን አይጠላትም። ግን ስምንት ነጥብ ቀላል ነው? የእሱስ ጥፋት ምንድን ነው?

«መላ አለው» አሉ አባቱ። «ነገ እንደገና ይፈተኑ። አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ እኩል ሰዓት። የበለጠ ይሂድ!»

አቶ ገሜዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ...

«እሺ። እኩል ይፈተኑ።»

በነጋታው የሐምሌ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል።

ወሬው ተሰምቶ ግማሹ ሰፈር በበሩ በኩል ካለው በረንዳ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሏል። እትዬ ዙሀራ እጃቸውን በነጠላቸው ሸሽገው ከሰው ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ጥያቄውን እኔ አነባለሁ። እናንተ ሰምታችሁ ትጽፋላችሁ» አሉ አቶ ገሜዳ።

ወንድይፍራው ገብቶ ተቀመጠ።

ሚስኪም ልትገባ እግሯን አነሣች...

«ኧረ! ወዴት ወዴት?»

አቶ ሀብተማርያም ክንዳቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉት።

«እሷ እዚያው በለመደችው ቦታ ትሁን!»

የለመደችው ቦታ...

ከመስኮቱ ውጭ ነበር።

የወላጆች ኮሚቴው «ከልጆቻችን ጋር አትቀመጥም» ብሎ ስለወሰነ ሚስኪ አራት ዓመት ሙሉ የተማረችው ደጅ፣ በረንዳ በሌለበት በኩል ቆማ ነው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር አይሰማትም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ ደብተሯ ይበሰብሳል።

ወንድይፍራው በየቀኑ ያያታል።

በየቀኑ ስለሚያያት ደግሞ... አስቦት አያውቅም።

አቶ ገሜዳ አልተቆጡም።

«እሺ ጋሼ። እኩል ስለተባባልን ልጅዎም ውጭ ይሁን። ወንድይፍራው፣ ተነሥና ውጣ።»

«ምን?! ልጄን በዚህ ዝናብ? እዚያ ቆሞ ምኑን ሰምቶ ነው የሚጽፈው?!»

ቃሉ ካፋቸው ወጣ።

ሁሉም ሰማ... እሳቸውም ሰሙት።

ከተጠለሉት ሴቶች አንዷ ቀስ ብላ «የእሷስ ልጅ?» አለች፣ ወደ እትዬ ዙሀራ እያየች።

አቶ ሀብተማርያም ዓይናቸውን ከሴትዮዋ አሸሹ።

ወንድይፍራው ከወንበሩ ተነሣ።

«አባባ... እኔ 82 ያመጣሁት ቁጭ ብዬ ነው። እሷ 74 ያመጣችው ዝናብ ላይ ቆማ ነው።»

ክንዳቸው ከበሩ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

ፈተናው አልተሰጠም። ሚስኪ ኮሌጅ ገባች።

ወንድይፍራው ግን ቤቱ ሲደርስ አለቀሰ። ትክክለኛውን ነገር ስለተናገረ አይደለም ያለቀሰው... ሕልሙ ስለነበር ነው። ሌላ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

ወገኖቼ... አንዳንዴ «እኩል እንወዳደር» የምንለው ሌላውን ደጅ ካስቀመጥነው በኋላ ነው። የሰው ውጤት ትንሽ ሲሆንብን፣ የት ቆሞ እንዳመጣው ደግሞ እንጠይቅ። ለእሱ በሩ ሲከፈትለት የእኛን እንደቀማን አድርገን አንየው።

ግን ወንድይፍራውም ሌባ አልነበረም። 82ቱን ያመጣው በላቡ ነው፤ ሚስኪን ደጅ ያስቀመጣትም እሱ አይደለም።

እናንተ በአቶ ገሜዳ ቦታ ብትሆኑ፣ ያቺን አንዲት ቦታ ለማን ትሰጧት ነበር? ላጣውስ ልጅ ምን ትሉት ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።