በራሷ ጨርቅ

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ መንበርከክ ካቃታት ወዲህ የቀሚስ ጫፍ የምታስተካክለው ደንበኞቿን እዚያ ላይ አቁማ ነበር።

«ዛሬ ውረጂ» አለቻት፣ የስፒል መሰኪያዋን የእጅ አንጓዋ ላይ እያሰረች።

«ኧረ እትዬ! ጉልበትዎስ?»

«ከራሴው ጉልበት ልም አጥንት ቁራጭ ወስደው፣ ሕዋሱን ላቦራቶሪ ውስጥ አራብተው መልሰው ተከሉልኝ። በራሴ ጨርቅ ነው የጣፉኝ፤ ቀለሙ እንኳ አይለይም! ዓመት ጠብቄ፣ ትናንት ሐኪሙ መንበርከክ ትችያለሽ አለኝ።»

«ታዲያ ሞከሩት?»

«ፈርቼ!»

ልጅቷ ወረደች። ሰፊዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጉልበቷን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አሳረፈች። የለመደችውን ውጋት ጠበቀች፤ አልመጣም። የወለሉ ቅዝቃዜ ብቻ ተሰማት። የቀሚሱን ጫፍ እያጠፈች፣ በስፒል እየያዘች፣ በጉልበቷ እየሄደች ልጅቷን ዞረቻት። ጨርሳም ደግማ ዞረቻት።

«እትዬ፣ አላለቀም እንዴ?»

«ድሮ አልቋል! እስክጠግብ ቁሚልኝ።»

በሦስተኛው ዙር ልጅቷ ልታነሳት እጇን ዘረጋችላት። ሰፊዋ ግን ምንም ሳትይዝ ብድግ አለች። የተረፈችውን ስፒል ሰካች፤ መሰኪያውንም ከአንጓዋ ፈትታ ማንም ያልቆመበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።