የቨርሊን ሃያዎች

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ራሲን ከተማ፣ ላይል ኩቢያክ ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ ጨዋታ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ላይል ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም እሱ ያዘምታል። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ጀግና አላቸው። ጀግናው መታ ወይስ ሳተ፣ ተረፈ ወይስ ሞተ የሚለውን የሚወስነው ባለሃያ ገጽ ዳይስ ነው፤ ሃያ የወጣለት ምንጊዜም ይተርፋል።

ከድሮዎቹ ተጫዋቾች የቀረው ቨርሊን ሃውገን ብቻ ነበር። ሌሎቹ ወይ ከተማውን ለቀዋል ወይ ሞተዋል። ከአራት ዓመት በፊት ኮሪ የሚባል የብየዳ ሠራተኛ ተጨመረ። የቨርሊን ሚስት ማርሊስ አትጫወትም፤ መኪናውን ነድታ ታመጣዋለች፣ አጠገቡ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደንብ አለ። የሌላውን ዳይስ አንገቱን አስግጎ የሚያይ የለም። የወረወረው ሰው ቁጥሩን ይናገራል፣ ላይል ይጽፋል፣ አለቀ።

የጨዋታው መጽሐፍ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ እትም ይወጣል። አዲሱ ሁልጊዜ ካለፈው ይልቅ ለጀግኖቹ ቸር ነው። የቨርሊን ጀግና፣ ኦድሪክ የሚባለው ጋሻ ያዥ፣ ምት የሚያስችለውን አሥራ ዘጠኝ የሕይወት ነጥብ ለማጠራቀም ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። የኮሪ አስማተኛ በመጀመሪያ ቀኑ ሃያ አራት ይዞ መጣ። በዚህ ዓመት በወጣው እትም ደግሞ ወደ ስድሳ ተጠጋ። ለኮሪ ጨዋታው እንዳይቀልበት ላይል ጭራቆቹን አጠነከረ። ለኮሪ የሚመጥን ጭራቅ ግን ኦድሪክን በአንድ ምት ይገድለዋል።

«ኦድሪክን ወደ አዲሱ እትም እናዛውረው» አለ ላይል። «አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅብን ነው።»

«ሰባት ዓመት የለፋሁበትን በስጦታ አልቀበልም» አለ ቨርሊን። «ኦድሪክ ከሞተ ሞተ። ያን ቀን እኔም ከዚህ ወንበር ተነስቼ ቤቴ እገባለሁ፤ ዳግመኛ አታዩኝም።»

ማርሊስ ቀና ብላ አየችው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቨርሊን ከቤት የሚወጣው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ኦድሪክ ግን አልሞተም። በዚያ መከር ሞት በመጣበት ቁጥር ቨርሊን ዳይሱን ይወረውራል፣ ወደ ማርሊስ ዞር ብሎ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ያውጃል።

«ሃያ!»

«አንተ ሽማግሌ፣ ለዳይስህ ምንድነው የምታበላው?» አለው ኮሪ።

«አይብ።»

ሁሉም ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያው ሁለቴ ወጣ። በሦስተኛው ቅዳሜ የሳቀ አልነበረም።

በአራተኛው ኮሪ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው እስኪጠግብ በጥብጦ ጠበቀው። ውስጡ ክብደት የተቀበረበት ዳይስ በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሁልጊዜ አንዱን ገጽ ብቻ ወደ ላይ ያደርጋል።

«ስጠኝ እስቲ» አለ።

ቨርሊን ዳይሱን ሰጠው። ኮሪ ውሃው ላይ ጥሎ እየነካካ አገላበጠው።

«ምን ወጣ?» አለ ቨርሊን።

«ሦስት። አሁን አሥራ ስድስት። አሁን ዘጠኝ።» ኮሪ ጣቱን ሱሪው ላይ አደረቀ። «ዳይሱ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምነው ደስ አላለህም?»

«ዳይሱ ንጹሕ ከሆነ የቀረው አፍህ ነዋ።»

ላይል «ተው እንጂ ኮሪ» አለ። ነገር ግን ጠንከር አላለም። ኮሪ «ዳይሱን ጠረጴዛው መሐል፣ ሁላችንም በምናይበት ወርውር» አለው። ቨርሊን ወረወረ። አሥራ አምስት ጊዜ ወረወረ፣ ላይል ጮክ ብሎ አነበበ። አንድም ሃያ አልነበረም።

«እኛ ስናይ ሃያው የት ገባ?» አለ ኮሪ።

የቨርሊን ጆሮዎች ቀሉ። «እኔ በሕይወቴ አጭበርብሬ አላውቅም። የተናገርኩት የወጣውን ነው። ማርሊስ አጠገቤ ነበረች። ንገሪያቸው እስቲ።»

ሁሉም ወደ ማርሊስ ዞሩ።

«ቨርሊን አልዋሸም» አለች።

«ሚስቱ ሌላ ምን ትበል» አለ ኮሪ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ላይል ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ቨርሊን ኮቱን ለበሰ። ማርሊስ ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወጣችው። ሹራቧን እዚያው ረስታው ወጣች።

መኪና ውስጥ ቨርሊን፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ያውቀኛል፣ ላይል» አለ። «አንድ ቃል አጣልኝ።»

ማርሊስ መንገዱን እያየች ነዳች።

«አንቺስ ታምኚኛለሽ?»

«አምንሃለሁ።»

«እንግዲያው ይበቃኛል።»

አልበቃውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር፤ ኮቱን ለብሶ። ላይል ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ቨርሊን አላነሳም። ማርሊስ ወደ ላይል ለመደወል ስንት ጊዜ ስልኩን አንስታ ስንት ጊዜ መልሳ እንዳስቀመጠችው አልቆጠረችም። አንዴ ጠርቶ ላይል «ሃሎ» ብሎ ነበር፤ ዘጋችው።

በየካቲት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ቨርሊን በልብ ሕመም ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሳንድዊችና ኬክ ቀረበ። ኮሪ በሩ አጠገብ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። ላይል ሳህን ይዞ ወደ ማርሊስ መጣ። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«ማርሊስ፣ ቂም እንደሌለን እንድታውቂልኝ ነው» አላት። «ስለ ሃያዎቹ። ያኔውኑ ይቅር ብለነዋል።»

«አመሰግናለሁ» አለች ማርሊስ፣ ሳህኑንም ተቀበለችው።

ቨርሊን ዳይስ ላይ ያለ ቁጥር ማንበብ ካቃተው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ በጠረጴዛው ሥር ቁጥሩን መዳፉ ላይ በጣቷ የምትጽፍለት ማርሊስ ነበረች።