ከመጋረጃው ጀርባ

የሆስፒታል ቆሻሻ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ታካሚ የተጠቀመበትን መርፌና ቱቦ በታሸገ ቢጫ ሣጥን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሣጥኑ ጀርሙን ገድሎ እስኪጨርስ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ኩላሊታቸውን የሚታጠቡት አቶ ወንድይራድ በየሳምንቱ ሦስት ሣጥን ስለሚያመጡ፣ ሳሎናቸው እስከ መስኮቱ ሞልቷል።

የልጃቸው የትርሲት እጮኛ እናቱን ይዞ የመጣ ቀን፣ ትርሲት ሣጥኖቹን ወደ ጓዳ አስገባች።

«አባዬ፣ እስኪሄዱ አንተም እዚያው ትቆይልኛለህ?» አለቻቸው።

አባቷ ወንበራቸውን ይዘው ገቡ። ከሳሎኑ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነበር።

«አባትሽስ የሉም?» ሲሉ እንግዳዋ ጠየቁ።

«ክፍለ ሀገር ሄዷል» አለች ትርሲት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ መጋረጃውን ገለጠች። አባቷ ኮታቸውን አራግፈው ተነሡ።

«በሰላም ገባሁ፣ ልጄ» አሉ። «መንገዱም አላስቸገረኝም።»

ትርሲት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አንገቷን እንደደፋች ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ሳሎን መመለስ ጀመረች።