ከጊያንቶ በላይ ያለው ቦታ

«ከታች ያለው ቢከብደውስ?»

«ምን ይከብደዋል፤ ባቡር ላይ እንደሚታጨቅ ሰው ጠጋ ይላላ።»

እዚህ መቃብር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሁለት ሽማግሌ ቆፋሪዎች ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ የሰማሁት ነው። የትኛው እንደጠየቀ፣ የትኛው እንደመለሰ አላስታውስም። ከሳቁ በኋላ አንደኛው የሆነ ነገር ብሎ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ያን ቃል ስንት ጊዜ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አሁን ሁለቱም እዚሁ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ።

ዛሬ ቢስሚላህ ብዬ ዶማዬን ሳነሳ ከኋላዬ ጩኸት እሰማለሁ።

«ልጄ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ነው እኮ!»

ዶማው አየር ላይ ይቀራል። አንዲት እናት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃው ውስጥ ይመጣሉ። በሌላ እጃቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጽጌረዳ አለ። ረመዳን ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ ሙታኑን ሊጠይቅ የሚይዘው ነው። መጥተው መቃብሩ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ልክ ዶማዬ የሚያርፍበት ላይ።

ይህ የጊያንቶ መቃብር፣ እሱ ከተቀበረ ጀምሮ፣ ጠያቂ መጥቶለት አያውቅም። ጃካርታ ደግሞ ለሞተም ቦታ የላትም። ጠያቂ ያጣ መቃብር ዓመታት ሲያልፉት ለሌላ ይሰጣል፤ አዲሱ ከነባሩ በላይ ይተኛል። ዘመድ ካለ ግን ዘመዱ እሺ ሳይል አይከፈትም። ጊያንቶ ዘመድ የለውም ብለን ስሙ የተጻፈበትን የራስጌ እንጨት ነቅለን ሣሩ ላይ አጋድመነዋል።

እናትየው እንጨቱን ያዩታል። አንስተው በሻሻቸው ጫፍ ጭቃውን ይጠርጉና ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል።

«ከየት መጡ እናቴ?» ይላቸዋል ኃላፊያችን ጃኤላኒ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ከዎኖጊሪ፣ ከሩቅ ገጠር። ቱኪዬም እባላለሁ። በሞተር የጫነኝ ልጅ ስንት መቃብር አዞረኝ መሰለህ። እናንተ ከተማ ሰው ሳይሞት በፊት አድራሻ መያዝ አለበት።»

ጃኤላኒ ጭናቸው ላይ ያለውን እንጨት ያያል።

«እስከ ዛሬ ሳይመጡ…»

«አባቱ አልጋ ላይ ነበር። ለማን ጥዬው ልምጣ? ባለፈው ወር አረፈ። ይኸው መጣሁ።»

ዱዓ እያደረጉ አበባውን ይበትናሉ። ልጃቸው ፎቅ ሲሠራ ወድቆ ነው የሞተው። አሠሪዎቹ ከቀበሩት በኋላ ነው ስልክ የደወሉላቸው።

ዛፉ ሥር ከቆመው አምቡላንስ አንድ ጎልማሳ እየተጣደፈ ይመጣል። ሮጃሊ ነው፤ መቃብሩን የምንከፍተው ለእናቱ ነው። ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ጀምሮ የእናቱን ጀናዛ ጭኖ ከመቃብር መቃብር ሲንከራተት ነው ያረፈደው።

«ምንድነው የምትጠብቁት? እናቴ ሙቀት ላይ ናት እኮ!»

«ዘመድ ተገኝቷል» ይለዋል ጃኤላኒ።

ሮጃሊ እማማ ቱኪዬምን ያያቸዋል። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ይታገላል። «እማማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። የቀትሩ ዙሁር ሳይደርስ ልቅበራት።»

«ሌላ ቦታ ውሰዳቸው።»

«የት? ይንገሩኝ እስቲ፣ የት? ሰሜን ሄድኩ፣ ውሃ ውጦታል። ምሥራቅ ሄድኩ፣ ሞልቷል። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አርጅታ፣ መተኛ አጣች! እርስዎ አገርዎ መሬት አለዎት።»

«መሬት አለኝ። ልጅ ነው የሌለኝ።»

ሮጃሊ በእጁ ወደ አምቡላንሱ ያመለክታል።

«ይሄ የኔ ቦታ ነው» ይላሉ እማማ ቱኪዬም፣ አፈሩን በመዳፋቸው እየደባበሱ። «የምገነዝበትን ከፈን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስሞት ከልጄ በላይ አስተኙኝ ብዬ ለእህቴ ልጆች ተናዝዣለሁ። የመጣሁትም የምተኛበትን ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ጃኤላኒ ቀና ይላሉ። «ግን ሦስት ሰው ይይዛል አይደል? እኔ እንደምታየኝ ትንሽ ነኝ።»

ጃኤላኒ ወደ እኔ ይዞራል። መሬቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ይይዛል የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። የሞተ ሰው ራስጌ ቆሜ መዋሸት ግን እፈራለሁ።

«አይይዝም፣ እናቴ። ትንሽ ዝቅ ካልን ውሃ ነው። ከልጅዎ በላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው።»

የአምቡላንሱ ሾፌር አየር እንዲገባ የኋላውን በር ይከፍተዋል። በነጭ ከፈን የተጠቀለለው እግር ከሩቅ ይታያል፤ የልጅ እግር ያህል ነው። ሮጃሊ ዞር ብሎ ያያል። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

እማማ ቱኪዬም ወደ እሱ ዘንበል ይላሉ።

«ይከብዳሉ?»

«ምን አሉኝ?»

«እናትህ። ሰውነታቸው ይከብዳል ወይ?»

«ኧረ… በሽታው ጨርሷታል። ብቻዬን ነው አቅፌ ከአልጋ ያወረድኳት።»

«ጊያንቶ ጀርባው ነው የተሰበረው» ይላሉ።

የራስጌ እንጨቱን ለኔ ያቀብሉኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው የበተኑትን ጽጌረዳ ቅጠል በቅጠል እየለቀሙ ወደ ሙዙ ቅጠል ይመልሱታል። ዶማው ላይ የወደቀችውንም ያነሳሉ። አፈሩ ባዶውን ሲቀር ከቦታው ተነስተው ዳር ይቆማሉ።

«እሺ» ይላሉ። «እናትህ ይግቡ።»