የአማች ሸለቆ

ቀጥሎ ያለው በሙሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ጠመንጃዬ እጄ ላይ ይዛግ። ዋዮሚንግ ውስጥ የአደን ፈቃድ ዕጣ ማመልከቻ በሚዘጋበት ቀን፣ ቨርሊን ካርታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጣቱን እንደ ጦር አንድ ጠባብ ሸለቆ ላይ ተክሎ ነበር። ዕጣ ባልወጣለት ቁጥር የተጠራቀመለት፣ ለቀጣዩ ዕጣ ቅድሚያ የሚያሰጠው ነጥብ ተራራ አክሏል። በዚያ ነጥብ አጋዘን የሚርመሰመስበትን ሜዳ ቢመርጥ ቤቱ በረዶው እስኪቀልጥ ሥጋ አይቸግረውም። እሱ ግን አንድ አዳኝ ብቻ የሚገባበትን፣ አጋዘን ቢወድቅ እንኳ ሥጋውን ከገደሉ ማውጣት የማይታሰብበትን ሸለቆ መረጠ። የሚስቱ ወንድም ሮይስ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ያንን ነበራ!

«ይቅመሳት!» አለ ቨርሊን። «ንስር ጎጆ የሚሠራበት ቀንድ የተሸከመ አጋዘኔን ከአፈሙዜ ላይ ነጥቆኛል። አሁን እኔ ስገባ አጥር ተደግፎ ያልቅስ!»

«ልጆቹስ ምን ይብሉ? በቀል ይጠበሳል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?» አለች ሚስቱ ዳርላ ድንች እየላጠች።

«ይጠበሳል! ያውም በቅቤ!»

ማመልከቻውን ለመላክ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሲሰድ ዳርላ ቢላዋውን አስቀመጠች። አጋዘኑ ተነጠቀ በተባለበት ቀን አጠገቡ በደረቷ ተኝታ በሩቅ ማያ መነጽር ስታይ የነበረችው እሷ ናት።

«ቨርሊን፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአጋዘኑን እግር በጥይት ሰብረህ የለቀቅከው አንተ ነህ። ሮይስ የራሱን የአንድ አጋዘን ፈቃድ እሱ ላይ አቃጥሎ ከስቃዩ ገላገለው። ሥጋውንም በሙሉ ያመጣው ለእኛ ነው።»