ማግኔት ያልያዘባት ፒካፕ

«አባዬ፣ በናትህ ይቺን እንውሰድ!»

ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ግቢ፣ ልጅቷ የአሮጌዋን ፒካፕ የበር እጀታ ይዛ አለቅም ብላለች...

ሻጩም ነገሩን አሟሟቀው። «አባባ፣ እንዲህ ተይዛ የቆየች መኪና ከየት ያገኛሉ? አንድ መምህር ብቻ ነው የነዳት!»

«የቀሩት መምህራን እየገፉለት ነዋ!» አሉ አባቷ።

ሻጩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትላሜራ ነበሩ። በግጭት የተጨማደደ የሰው መኪና በመዶሻ ሲያቃኑ ሸበቱ።

ጡረታ ሲወጡ አንድ ነገር አማራቸው... አሮጌ ፒካፕ መርጠው፣ ለደንበኛ ሳይሆን ለገዛ ደስታቸው ማደስ።

ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ።

ማግኔት ደህና ቆርቆሮ ላይ ይጣበቃል። ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም የተቀባበት ቦታ ላይ ግን አይዝም።

በሩ ላይ አስጠጓት... ወደቀች።

ኮፈኑ ላይ አስጠጓት... ወደቀች።

«በቃ፣ ስቱኮ ነች። ላይዋን አይተሽ አትሸወጂ ልጄ።»

«ኧረ አባባ!» ሻጩ ጮኸ። «ይቺን መኪና ስቱኮ የሚባል ነገር አልነካትም!»

አባቷ ጥለውት ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ።

እዚያ ወለሏ በዝገት ተበልቶ ሣር የበቀለባት፣ በሮቿ የተንጋደዱ፣ ሞተሯ የደረቀ አንዲት ፒካፕ ቆማለች።

«የኔ መኪና ይቺ ናት» አሉ።

«አባዬ! ይቺ እኮ የመኪና ሬሳ ናት!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ምላሷን ነከሰች...

ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የአባቷን የምርመራ ውጤት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ያየችው እሷ ነበረች። ሐኪሙ አባቷ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ለቤተሰቡ ሲነግር፣ በር ዘግተው ተማከሩ።

«ማንም ትንፍሽ እንዳይል!» አለ ታላቅ ወንድሟ።

«ከነገራችሁት በማግስቱ ይሞትብኛል» አለች እናቷ።

ልጅቷም እሺ አለች።

ለዚህ ነው መምህሩ የነዳትን የመረጠችው። ያቺ ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚቀራት። ቶሎ ታልቃለች... አባቷም በእጃቸው ያደሷትን መኪና አንድ ቀን እንኳ ይነዷታል።

ግን ይህን እንዴት ብላ ትንገራቸው?

«ይቺ እኮ ዓመታት ትፈጃለች፣ አባዬ...»

«ዐሥር ዓመት ትፍጅ! ምን ያስቸኩለኛል? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ፊቷን አዙራ እንባዋን ዋጠች።

የተበላችውን መኪና አስጎትተው ቤት አመጡ።

ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እሳቸው ጋ ትመጣለች። ቁልፍ ታቀብላለች፣ ብሎን ትፈታለች። አባቷ ትንሽ ይመቱና ያርፋሉ... ትንሽ ይመቱና ያርፋሉ... እያደር ዕረፍቱ ከሥራው በለጠ።

አንዱን በር ብቻ አቃንተው አልጋ ላይ ዋሉ።

አንድ ቀን የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ወገቡ እንደ መኪና የብረት አጽም አልታጠፍ ስለሚል ሁሉም «ሻንሲ» ይለዋል። ልጅቷ ስትሸኘው ፒካፗ አጠገብ ሲደርሱ ምሬቷ ገነፈለ።

«ያቺ የመጀመሪያዋ ስቱኮ ባትሆን ኖሮ ጋሼ ሻንሲ... ይኼኔ ነድቷት ነበር።»

ሽማግሌው ቆመ።

«የምን ስቱኮ?»

«ማግኔቱ እኮ አልያዘም!»

«ጨርቁን ደራርቦ ከጠቀለለው በምን ይያዝ? እንደዚያ ከሆነ ብረት ምጣድ ላይም አይዝም! ሆን ብሎ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ሐኪሙ ለእናንተ የነገራችሁ ቀን፣ አንቺ መድኃኒት ልታመጪ ስትወጪ ሐኪሙን አፋጦ ጠይቆት ነበር። ሁሉንም ያውቃል። ‹ማወቄን ልጄ ካየች ትሰበርብኛለች› አለኝ። ‹የዐሥር ዓመት ሥራ የሚገዛ ሰው ሞቱን ያውቃል ብሎ ማን ይጠረጥራል?› አለኝ...»

ልጅቷ አባቷ ያቃኑትን በር ያዘች።

«ያቺን የመጀመሪያዋን ግን ዓይኑ እየተንከራተተ ነው ትቷት የመጣው። ‹ልጄን ጎኔ አስቀምጬ አንድ መንገድ ብነዳት› ይል ነበር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኝ ነዋ!» አለና መሬት መሬት አየ። «አንቺስ ለምን ዝም አልሽው?»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

ሻጩ ጋ ደወለች። የመጀመሪያዋ ፒካፕ ገና እነሱ ባዩዋት ሳምንት ተሸጣለች...

ዛሬስ እነግረዋለሁ ብላ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች። የመዶሻው ጠባሳ እንዳለ ነው፣ እጁ ግን ቀሏል።

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ... ዝናቡ ሲያባራ ቀለም እንቀባታለን አይደል? እስኪ ምን ዓይነት እንደሚሻል አስቢበት።»

አየቻቸው። አዩዋት።

እሳቸው ያውቃሉ። እሷም ማወቃቸውን አውቃለች። «አውቃለሁ» ልትል አፏን ከፈተች...

«እሺ አባዬ» አለች። «ነጭ ይሻላል መሰለኝ።»

«ነጭ ቆሻሻ ይይዛል» አሉ አባቷ፣ ፈገግ ብለው።

ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም ብቻ አወሩ... እስከ መጨረሻው።

ሁለቱም አንዲት መኪና ወደዱ። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲሉ አጧት።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ሰው እናድናለን ብለን የምንደብቀው እውነት አንዳንዴ አብረን የምንኖረውን የመጨረሻዋን ጥቂት ጊዜ ይሰርቀናል። ዝምታ ፍቅር ሊሆን ይችላል... ግን ፍቅር ሁሉ በዝምታ አይገለጽም።

እስኪ እናንተ ፍረዱ... ያን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ስለ ቀለሙ ታወሩ ነበር ወይስ «አባዬ፣ አውቃለሁ» ትሉ ነበር?

ከልባችሁ ጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ።